ያላነሳሁት ሳቅ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ሰርግም አነሳ ነበር። ወልቂጤ የነበረው ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን እንደ አጥር እንጨት ገትሮ "እንዳትተነፍሱ!" የሚል ሰው ነበር። እኔ በእሱ እስቅበት ነበር። የእኔ ሙሽሮች ሰው ይመስላሉ እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር፤ ጉረኛ ነበርኩ።

ዘዴም ነበረኝ። ከሰርጉ ሳምንት ቀደም ብዬ ሙሽሮቹ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የሰጡኝን በልቼ፣ ቀልጄ፣ አጫውቻቸው ካሜራዬን አወጣና ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ። ውስጡ ግን ፊልም የለም። ፊልም የሚመጣልኝ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ነበር፤ አንዱ ጥቅል አሥራ ሁለት ብቻ ስለሚያነሳ ለማለማመጃ አይባክንም። ድምፁን ከለመዱት የሰርጉ ቀን አይደነግጡም። ባዶ መሆኑን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ማንን ይጎዳል ብዬ!

አንድ የከተማችን ባለሱቅ ከጎረቤት ከተማ ከእንሴኖ ልጅ ሊያገባ ሆነ። ሙሽሮች ከሰርጉ በፊት አብረው መታየታቸው ነውር ነው፤ እሱ ግን አዲስ አበባ ኖሮ የመጣ ሰው ነበርና አስለምኖ አስፈቀደ። የልጅቷ አክስት እንድትጠብቃቸው ተባለና በአክስቲቱ ጓሮ፣ እንሰቱ አጠገብ አቆምኳቸው። ልጅቷ አቀርቅራለች። እሱ ዳኛ ፊት የቀረበ ይመስል ደርቋል።

"ምንም ቢመጣ ዓይንህን ከእኔ ላይ እንዳትነቅል" አልኩት።

ይሄን ጊዜ አክስቲቱ ከበሩ ላይ ሆና፣ "ኧረ ጥርሱን ያሳየን! እኛ ቅቤ እንኳ ሳንቀምስ አንገዛም፤ ይሄን ሳናየው ነው እንዴ ልጃችንን የሰጠነው?" አለች።

ልጅቷ ሳቀች። እጇን ወደ አፏ ብትሰድም አልደረሰችበትም። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወደቀ፤ እንዳትወድቅ የእሱን ክንድ ያዘች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳቅ አላየሁም። እኔም ባዶ ካሜራዬን ቀጭ አደረግኩ።

"ተነሳን?" አለኝ ሙሽራው፣ አሁንም እኔን እያየ።

"ተነሳችሁ" አልኩት።

የሰርጉ ቀን ፊልሙ ነበረ፤ ሳቁ ግን አልነበረም። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጥርሷን ካሳየች ለመሄድ ቸኩላለች ይሏታል። በአሥራ ሁለቱም ፎቶ ላይ አቀርቅራለች።

ባልየው ፎቶዎቹን ሊወስድ ሲመጣ፣ "ያቺ የጓሮዋስ?" አለኝ። "ገና አልታጠበችም" አልኩት። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል፣ እኔም ነገ እለዋለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። እሱን ሳይ መንገድ መቀየር ጀመርኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ልጅቷ በመጀመሪያ ወሊዷ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ባልየው ፎቶ ቤቴ መጣ። ጥቁር ለብሷል፤ ራሱን ተላጭቷል።

"ያቺን ፎቶ ስጠኝ" አለኝ። "የሰርጉ ሁሉ መሬት መሬት የምታይበት ነው። እናቷ ፊቷን ልይ ብላ ፎቶውን ታገላብጣለች።"

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ፈራሁ።

"ፊልሙ ብርሃን ገብቶበት ተቃጠለ" አልኩት።

ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ በወደድኩ። እሱ ግን ደንበኞቼን የማስቀምጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"አንተ ግን አይተሃታል አይደል?" አለኝ።

"አይቻታለሁ።"

"እንግዲያው ንገረኝ። እኔ'ኮ አላየኋትም። ዓይንህን ከእኔ ላይ እንዳትነቅል ስላልከኝ አንተን ነበር የማየው። ሳቋን በጆሮዬ ብቻ ነው የሰማሁት። ከተጋባን በኋላ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር።"

ነገርኩት። እጇ አፏ ጋ ሳይደርስ መቅረቱን፣ ነጠላዋ መውደቁን፣ ፊት ለፊት ካሉት ጥርሶቿ አንዷ በትንሹ ወደ ጎን ዘንበል ማለቷን ሳይቀር ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሲሰማኝ ቆየ።

"እሷ ወዴት ነበር የምታየው?" አለኝ።

"ወደ አንተ" አልኩት።