እናቴ ያልተከራከረችበት ጭማሪ

ከመርሳ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሳያበቃ ነው። ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ የተባለ ዕለት ነበር፤ ሰው ፍራሹንም ፍየሉንም ይዞ ወደ ውርጌሳ ይተማል። እኔ ጀርመን ያለው ባለቤቴ ጋ የምሄድበት ቪዛ አዲስ አበባ ወጥቶልኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ነገሩ እስኪበርድ ደሴ አክስቴ ዘንድ ልትቆይ ተነጋግረናል። ከቤት ስንወጣ ሁለታችንም ልንሳፈር ነበር፤ ይህን እወቁልኝ።

የሚኒባሱ ሹፌር በሩን በክንዱ ዘግቶ ቆሟል።

«እማማ፣ የዛሬው ታሪፍ እንደ ወትሮው አይደለም፤ ጭማሪ አለው» አላት እናቴን።

«የምን ጭማሪ?» አልኩት እኔ።

«የነዳጅ። የመንገዱ። የነፍሴም አለበት።»

ዞሬ እናቴን አየኋት፤ አሁን ልክ ታስገባዋለች ብዬ። እናቴ መርሳ አስፋልት ዳር ብርቱካንና ፓፓያ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ለአንድ መደብ ሽንኩርት ከሻጩ ጋር ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ትከራከራለች፤ «አላህ ያሳይህ፣ ይሄም ሽንኩርት ሆኖ?» ብላ ጥላው ትሄዳለች፤ ሲጠራት ትመለሳለች። ተስማምተው እንኳ «በል እንግዲህ ጨምርበት» ሳትል ዘንቢሏን አታነሳም። እኛ ዘንድ ጭማሪ ማለት ይኸው ነበር፤ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ሻጩ በደስታ ጣል የሚያደርጋት አንዲት ፍሬ። ገዢ የሚከፍለው ጭማሪ እንዳለ ያን ምሽት ነው የተማርኩት።

እናቴ ግን ሹፌሩን «እሺ ልጄ» አለችው። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። የያዘችውን ብር ሰጠችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው። አንቺ ሂጂ፤ እኔ ነገ በሌላ መኪና እከተላለሁ።»

አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። በትከሻዬ ገፍታ አስገባችኝ። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ።

ያን ሹፌር ከውርጌሳ እስከ ደሴ ጀርባውን እያየሁ ረገምኩት፤ አውሮፕላን ላይም ረገምኩት። ጀርመን ገብቼ፣ ዳቦው እንደ ድንጋይ በጠነከረበት፣ ፀሐይዋ እንደ ባለሥልጣን ብቅ ብላ በምትጠፋበት አገር፣ የእናቴን ቁጥር በደወልኩ ቁጥር ያች የማትሰለች የቴሌ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ስትለኝ እንደገና ረገምኩት። እናቴን ያስቀረብኝ ጭማሪው ነው። እሷ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳላውቅ ወራት ሄዱ። ስልኩ የተከፈተ ቀን «አለሁ ልጄ፣ አልሀምዱሊላህ» አለችኝና ሁለታችንም ስናለቅስ ካርዱ አለቀ።

አሁን ወደ አከራያችን ልምጣ። ፍራው ኤርና፣ ማለትም ወይዘሮ ኤርና፣ ይባላሉ፤ ቀጥ ያሉ፣ ንጹሕ አሮጊት ናቸው። ቤቱን በያዝን በዓመቱ በሬን አንኳኩተው ሌላ ክፍያ ጠየቁኝ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኔበንኮስተን።»

ኔበንኮስተን ማለት የጎን ወጪ ማለት ነው፤ ያው የእኛው ሹፌር ጭማሪ፣ ሱፍ ለብሶ የመጣ።

«ኪራዩን በየወሩ እየከፈልኩ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ቀዝቃዛው ኪራይ ነው። ማሞቂያውና ይህ ሁሉ ሲጨመርበት ሙቅ ኪራይ ይባላል።»

ቀዝቃዛ ኪራይ! መርሳ ውስጥ ሙቀቱን የሚወስድልን ሰው ቢገኝ መርቀን በሸኘነው። መቀነቴን አጠበቅሁና ወረቀታቸው ላይ የተዘረዘረውን በጣቴ እያሳየሁ ጀመርኩ።

«ይሄኛውስ የምን ነው?»

«በረዶ የሚጠረግበት።»

«ዘንድሮ መቼ በረዶ ጣለ?»

«ቢጥል ይጠረግ ነበር።»

«የደረጃው መብራትስ? እኔ እንደሆንኩ የምኖረው ምድር ላይ ነው!»

«ወደ ላይ መውጣት ካማረዎት ይበራልዎታል።»

እንዲህ እንዲህ ስንባባል ፍራው ኤርና መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤቱን ካልወደዱት ሌላ መፈለግ ይችላሉ» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸዋል። «በሁሉም ነገር ይከራከሩኛል።»

ደነገጥኩ። «ኧረ ወድጄው ነው!» አልኩ በዚያች ጎደሎ ጀርመንኛዬ። «እኛ አገር የማይገዛ ሰው አይከራከርም። ዋጋ ሲነግሩት እሺ ብሎ መንገዱን ይሄዳል። የሚጨቃጨቅ የፈለገ ነው።»

ጥቂት አሰቡና ሳቁ፤ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከክፍያው አንዲት ሳንቲም አልቀነሱም፤ ግን ከጓሯቸው ፖም ለቅመው መጡና ፌስታሌ ውስጥ ጨመሩልኝ። ፌስታሉን ከፍቼ እንደያዝኩ «ይጨምሩበት እንጂ» አልኳቸው። ጨመሩልኝ። በስደት ያገኘሁት የመጀመሪያ ጭማሪ ያች መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ፖም ናት፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ክፍሌ ገብቼ ፖሙን ሳጥብ፣ ለፍራው ኤርና የተናገርኩት ነገር ራሴን መልሶ መታኝ። የማይገዛ አይከራከርም። እናቴ ያን ምሽት አልተከራከረችም።

እጄን ሳላደርቅ ደወልኩ። እናቴ ከብርቱካኗ ጋ ተቀምጣለች፤ ከመኪናው ጩኸት ጋር ድምጿ ይሰማኛል፤ አንዱን ገዢ «ሂድ፣ ሲሪንቃ ድረስ ሄደህ ብትፈልግ እንዲህ ያለ ብርቱካን አታገኝም!» እያለች ትሞልጨዋለች።

«እማ፣ ያን ዕለት ለሁለታችን የሚበቃ ብር ነበረሽ?»

ገዢውን ተወችው።

«መቀነቴ ውስጥ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን?»

«አባትሽ የተከላቸውን የብርቱካን ዛፎች ለማን ልተዋቸው? እሱም እዚሁ ነው የተኛው። አልሄድም ብልሽ አንቺ ትሄጂ ነበር?»

«አልሄድም ነበር።»

«ይኸው እንግዲህ።»

ብዙ አለቀስኩ። ስንት ዘመን የረገምኩት ሹፌር አሳዘነኝ፤ ያለበት ይቅናው። ግን እናቴን እፈልጋታለሁ። እሷ ባቀፈችኝ ብዬ የማልመኝበት ቀን የለም። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ ዘረዘርኩላት፤ ክፍል እንዳለን፣ ለጥየቃ እንኳ ብትመጣ ባለቤቴ ወረቀቱን እንደሚጨርስላት። ብርዱ አጥንት እንደሚሰብርም፣ ዳቦው እንደ ድንጋይ እንደሆነም፣ ለሙቀት እንደሚከፈልም አልደበቅኳትም። አውቄ ነው፤ እንድትሟገተኝ። ማነው ለሙቀት የሚከፍል ብላ እንድትጮህብኝ፣ ስንት ነው እንድትለኝ፣ ጥላኝ ሄዳ ስጠራት እንድትመለስ።

«ትመጫለሽ፣ እማ?»

ከጀርባዋ መኪና አለፈ። ገዢው ሄዶ ነበር መሰለኝ፣ ድምፁ አይሰማም።

«እሺ ልጄ» አለችኝ።