ከመስኮቴ ውጭ የተነፋችው ሌዮ

ሌዮ የምትባለውን የሙዚቃ መሣሪያ መጀመሪያ ያየኋት በምሳ ሰዓት፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ የሩዝ ሳህን አጠገብ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ትልቅ ማጠቢያ ቤት እንሠራ ነበር፤ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን እናጥፋለን። ተራምዶ መገናኘት፣ ጫፍ ማቀበል፣ ወደ ኋላ መመለስ ነው ሥራው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ስንቀራረብና ስንራራቅ ውለን ካልተዋደድን ምን ልንሆን ነበር?

እሱ ከቻይና ተራሮች የመጣ፣ ቡዪ የሚባል ሕዝብ ልጅ ነው። ሌዮዋ ከክንድ የምታጥር የእንጨት ነገር ስለሆነች ዋሽንት መስላኝ ነበር። ሲነፋት ግን አፍንጫዋን ይዛ የምታለቅስ ሴት ድምፅ አወጣች። ሳቅሁበት፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛችን አስረዳኝ። በመንደራቸው ወንድ ልጅ የወደዳትን ልጅ በር አያንኳኳም። አመሻሽ ላይ ከቤቷ አጠገብ ቆሞ ይነፋል፤ ሁሉም የየራሱ ዜማ ስላለው ማን እንደመጣ ታውቃለች። ከወደደችው ትወጣለች። ካልወጣች ምን እንደሚሆን ሳይነግረኝ ደወሉ ጮኸና ወደ አንሶላችን ተመለስን።

ያኔ የምኖረው ማርልቦሮ ሰፈር፣ እናቴ በምታውቃቸው እትዬ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። እትዬ እንደ ወለዱኝ ነው የሚጠብቁኝ። በረዶ ሊጀምር ባለበት ሰሞን አንድ ምሽት ያ የአፍንጫ ልቅሶ ከመስኮቴ ሥር ተሰማ። የቤዝመንት መስኮት ከሣሩ እኩል ስለሆነ የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነበር። አወቅሁት።

እትዬ በደረጃው ወረዱ። "ምንድን ነው ይሄ? ፖሊስ ኮል ላድርግ እንዴ?"

"ተዉ እትዬ፣ እኔን ነው የሚጠራው" አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው።

አልጋዬ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። "መቼም ሲያሳዝን" አሉ። "ግን ጨዋ ልጅ በመጀመሪያ ጥሪ አትወጣም። እኔን ሲጠይቁ አባቴ ሽማግሌዎቹን ስንቴ መለሷቸው መሰለሽ! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።"

ባይነግሩኝም አውቀው ነበር። ለእህቴ ሽማግሌ ሲመጣ አባቴ መልሱን ልቡ ውስጥ ይዞ "ተማክረን እናሳውቃችሁ" ብሎ ሸኝቷቸዋል። ወዲያው እሺ ብንል ልጅቷ ምን ጎድሏት ነው ይባል ነበር። መመላለስ ክብር ነው፤ ለልጅቷም፣ ለጠያቂውም። ስለዚህ ቁጭ አልኩ። ደስታዬን ትራስ ላይ ተደፍቼ ሳቅሁት።

በማግስቱ ሥራ ላይ አንሶላችንን ስናጥፍ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔ እንደ ሙሽራ አቀረቀርኩ። ምሽቱን ተመልሶ መጣ። ሽማግሌው እየተመላለሰ ነው አልኩ በልቤ።

በመጨረሻ የመጣ ዕለት በረዶው ጀምሮ ነበር። ዜማው ይቆራረጣል፤ ከንፈሩ ደንዝዞ መሆን አለበት። አንጀቴ አልችል አለ። ቢያንስ እየሰማሁት እንደሆነ ይወቅ ብዬ መጋረጃውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ ለቀቅሁት። እንደ እኔ ላደገች ልጅ ይህ ራሱ ድፍረት ነው። ዜማው ቆመ። ጫማው ጥቂት ቆየና ሄደ። ገባው፣ ነገ ሲመጣ እወጣለሁ ብዬ የምለብሰውን ቀሚስ ተኮስኩ።

በነጋታው አልመጣም። ሥራ ስገባ ሺፍት ቀይሯል፤ ወዲያው ደግሞ ኤርድሪ የምትባል ከተማ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ አሉኝ። ደጅ የሚጠናው ወንድ ነውና ጠበቅሁ። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁ። ከዚያ ደከመው፣ ተወኝ ብዬ አለቀስኩ። ከልቤ እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ።

ዓመታት አልፈው፣ በቀደም ማርልቦሮ ሞል ውስጥ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ሱቅ ገብታ ውጭ ይጠብቃታል። ሰላምታ እንኳን ሳልጨርስ "ለምን ቀረህ?" አልኩት።

ደነገጠ። "አልወጣሽማ" አለኝ በቀስታ። "በእኛ ዘንድ ካልወጣች ለምን አይባልም። መጠየቅ እሷን ማሳፈር ነው።"

"በማግስቱ ግን መጥተህ ነበር።"

"ምናልባት አልሰማሽ ይሆናል ብዬ ነው የተመላለስኩት። በኋላ ግን መጋረጃውን ስትዘጊብኝ አየሁ።"

እኔ አልቸኮልኩም፤ ሆኖም ፈሰሰብኝ፤ የሚለቀምም አልነበረውም። ገልጬው እንጂ ዘግቼው አይደለም ልለው አፌን ስከፍት ሚስቱ ወጣች። እሱ ከእጇ ፌስታሉን ተቀበላትና አስተዋወቀን። እንኳን ደስ ያላችሁ አልኳቸው፤ ድምፄ እንደ ሌዮዋ በአፍንጫዬ ወጣ።