ከወንዙ አፋፍ አሥራ አምስት ሜትር

ሰፈርተኛው «ሜትሬ» ይለዋል፤ የሸለቆው ወንዝ ጠባቂ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንዙ አፋፍ አሥራ አምስት ሜትር እየለካ ችካል ሲተክል ኖሯል። ከችካሉ ወዲያ ወደ ውሃው በኩል ማረስ ክልክል ነው። እዚያ ሣርና ቁጥቋጦ ይተከላል፤ ሥሮቻቸው አፈሩን ጨብጠው ይይዛሉ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

ችግሩ አፋፉ ባለበት አለመቆየቱ ነው። ጎርፍ በቆረሰው ቁጥር ልኬቱ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ችካሉም ወደ ሰው ማሳ ይገባል። ስለዚህ ብዙ ወዳጅ የለውም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ «ወንበራችሁን ሰብሰብ አድርጉ፣ ሊለካብን ነው» የሚል አይጠፋም። እሱም አብሮ ይስቃል።

ዘንድሮ ጎርፉ የታላቅ ወንድሙን ማሳ ቆረሰው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ አሳድጎ ያስተማረው ይኸው ወንድሙ ነው። ማሳው ሽቅቡ ድንጋያማ ነው፤ ደህና አፈር ያለው ወደ ወንዙ በኩል ያለው የሽንኩርት መደብ ብቻ ነው። አዲሱ ልክ ደግሞ የመደቡን እኩሌታ ይወስዳል።

ሜትሬ የሌላውን ሁሉ ለካና የወንድሙን መጨረሻ ላይ አስቀረው። ሚስቱ «ሽንኩርቱ እስኪደርስ ብትታገሥ ማን ያይሃል?» አለችው። እሱን የሚከነክነው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለእሷም አልነገራትም።

በማግስቱ ጠዋት ሜትሩን ይዞ ሄደ። ወንድሙ መደቡን ውሃ እያጠጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ልለካ ነው የመጣሁት።»

«ወንዙስ እያሳሳቀ ነው የወሰደብኝ» አለ ወንድሙ ቀና ሳይል። «አንተ ደግሞ ፊትህን አኮሳትረህ መጣህ።»

«አምና ሦስት ሜትር ቀንሼልህ ነበር፤ መደቡ እንዳይነካብህ ብዬ። ጎረቤትህ ሙሉ አሥራ አምስት አለው፤ ጎርፉ አልነካውም። ያንተን ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

ወንድሙ አካፋውን ተደግፎ የጎረቤቱን ዳርቻ ሲያይ ቆየ።

«እኔ ለምኜህ ነበር?»

«አልለመንከኝም።»

«እንግዲያው ሳልለምንህ አትዘንልኝ።»

ከዚያ የሜትሩን ጫፍ ተቀብሎ ራሱ አፋፉ ላይ ቆመ። ሜትሩ ላላ ባለ ቁጥር «ወጥር!» እያለ ይቆጣዋል። ችካሉ ከመደቡ መሃል አለፍ ብሎ አረፈ። ቁጥሩን ደግመው አዩት፤ ያው ነው።

የወንድሙ ሚስት ቅርጫት ይዛ መጣች። ሰላም ቢላት ጀርባዋን ሰጠችው። ከችካሉ ወዲያ ያለውን፣ ገና ጭንቅላቱ ያልሞላውን ሽንኩርት ትነቅል ጀመር። ሜትሬም አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ነቀለ። አፈሩን እያራገፈ ቅርጫቷ ውስጥ ሲጨምር አልከለከለችውም። ቅርጫቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞላ፣

«ሣሩን መቼ ነው የምትተክለው?» አለችው።

«ነገ፣ እትዬ።»

«ነገ ዛሬ አትበል። መሬቱ ባዶውን ሳያድር አምጣው።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና የሣሩን ችግኝ ሊያመጣ ሄደ።