የመምህሩ ጥቁር ፀጉር

ዜናውን ስትሰማ ልብስ ሰፊዋ የጎረቤት ሱሪ ዚፕ እየቀየረች ነበር። የፀጉር ቀለም አምራቹ ፋብሪካ ከከሳሾቹ ጋር በስምምነት ጨርሶ፣ በቀለሙ ሳቢያ የሽንት ፊኛ ካንሰር ለያዛቸውና ለሟች ቤተሰቦች ካሳ ሊከፍል ነው አለ ሬዲዮው። የቀለሙን ስም ሲጠራ እግሯ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ደረቀ። ባሏ፣ መምህሩ፣ በዚሁ በሽታ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም።

«አባዬ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም» አለች ልጇ፤ ፎርሙን አምጥታ ሞላችው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ሟች ቀለሙን ይቀቡ እንደነበር የሚመሰክሩ፣ ከቤተሰብ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። መምህሩ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ፀጉራቸው እንደ ቁራ ላባ ጠቁሮ፣ «የዘር ነው፤ አባቴም ሳይሸብቱ ነው የሞቱት» ይሉ ነበር። አባታቸው የሞቱት በሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ጓዳ ገብተው መጋረጃ ይዘጋል፤ «ራሴን ሲያመኝ ያሸኛል» ነው ምክንያቱ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ አላየሁም ይላል። ሲያካፋ እንኳ የታጠበ ልብሱን ከገመድ ሊያወርድ የወጣ ጎረቤት ልብሱን ትቶ ጃንጥላ ይዞላቸው ይሮጥ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ፎርሙን ይዛ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄደች።

«የቀባኸው አንተ ነህ፤ ፈርምልኝ።»

«እኔ?» መቀሱን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ጋሼን አሽቻቸዋለሁ እንጂ ቀብቻቸው አላውቅም።»

«ሂድ ወዲያ! ሃያ ዓመት የጠቆረ የትራስ ልብስ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎማ የቤት ሰው ነዎት። እኔን ግን ጋሼ ለማንም እንዳልናገር በእናቴ አስምለውኛል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሆስፒታል ተኝተው እንኳ አስጠርተውኛል። ‹ጎንና ጎኑ ነጣ፤ እሷ ሳትመለስ ቶሎ በል› አሉኝ።»

«የት ሄጄ?»

«ብርቱካን ልትገዛ ሄዳለች ብለውኛል።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን ሦስት ሱቅ ዞራ ነበር ያገኘችው። ሰውዬው ደግሞ በዕድሜያቸው ብርቱካን ወደው አያውቁም። ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ።

«እርስዎ ካዘዙኝ እፈርማለሁ» አለ በመጨረሻ፣ እስክሪብቶ አንስቶ። «መሐላው ግን በእርስዎ ይሁን።»

ፎርሙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አሁን በስፌት መኪናው መሳቢያ ከዚፖቹ ጋር ተቀምጧል። የማስገቢያው ቀን ሊያልፍ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የምስክሮቹ ቦታ እስካሁን አልተሞላም።