ለአዴር ጉሌ የሰጠሁት መስታወት

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ነው መሰለኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የስኳር ታማሚዎችን እግር የምከታተል ነርስ ነኝ። ክፍላችን ጠባብ ናት። ጠዋት በሩ ሳይከፈት ወረፋው ግቢውን ይሞላዋል፤ በዚያ ሙቀት ከጀልዴሳ ድረስ ቁስላቸውን ጠቅልለው የሚመጡ አሉ። ስለዚህ አላስፈላጊ ምልልስ ይቀነስ ተባለ። ቁስሉ የዳነለት ሰው በየሁለት ሳምንቱ መምጣቱ ቀርቶ በየሦስት ወሩ ይምጣ፣ እስከዚያው የውስጥ እግሩን በየቀኑ በመስታወት እያየ ይጠብቅ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። መጥፎዋ እኔ ነኝ። ማን ይቀነስ የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርኩ፤ እጄ ደግሞ ፈጣን ነው፣ በፍጥነቴም እኮራ ነበር።

አዴር ጉሌ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ጆንያ ሲነግዱ ያረጁ የሶማሌ አዛውንት ናቸው። አዴር ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ ሁላችንም እንዲያ እንላቸዋለን። ቁስላቸው ከዳነ ቆይቷል፤ ቀጠሮ ግን አያሳልፉም። በባጃጅ ይመጣሉ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ይገባሉ፣ እግራቸውን ይዘረጉና "ሲስተር፣ እዪልኝ" ይላሉ። አያለሁ፤ ደህና ነው። መርቀውኝ ይሄዳሉ። ጨዋታ ፈልገው የሚመጡ ይመስለኝ ነበር። አላስፈላጊ ምልልስ ማለት ይኸው አልኩና ትንሽ መስታወት አስይዤ ለሦስት ወር ቀጠርኳቸው።

"ታዲያ ማን ያይልኛል?" አሉ።

"እርስዎ ራስዎ ነዎታ!" ብዬ ሳቅኩ። ሳቅኩ እኮ!

ግድግዳ እየዳበሱ የሚገቡ ሰው! የዓይን ክፍል ወረቀታቸው ካርዳቸው ውስጥ ነበር፤ በገዛ እጄ ገልጬ አልፌዋለሁ። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞ ዓይናቸውንም እንደወሰደው ለማወቅ ምን ይጠይቀኝ ነበር? ምንም። ቀና ብዬ ማየት ብቻ።

በሦስተኛው ወር በቀጠሯቸው ቀን መጡ። ጫማቸውን ሳወልቅ ሽታው ቀደመኝ። የጫማውን ሶል ዘልቆ የገባ ምስማር ነበር፤ ስንት ቀን እንደረገጡት እንጃ። የውስጥ እግራቸው ጠቁሯል፣ አጥንቱ ይታያል። እሳቸው ፈገግ ብለው "እንዴት ነው ሲስተር? ደህና ነው አይደል? ዋላሂ፣ ምንም አላመመኝም" አሉኝ። መስታወቱስ ብዬ ጮህኩባቸው። ከሸሚዝ ኪሳቸው አወጡት። ከነላስቲኩ ነበር።

ጩኸቴን ሰምቶ ሐኪሙ መጣ። በየቀኑ እንዲያዩ አልተነገራቸውም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። "ተነግሯቸዋል። መስታወትም ሰጥቻቸዋለሁ። ቸል ብለው ነው" አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፤ እሳቸው እዚያው ተቀምጠው እየሰሙ። ተነግሯቸዋል ማለቴ እኮ ውሸት አይደለም፤ የሚዘገንነኝም እሱ ነው። ካርዳቸው ላይ "ታማሚው ምክር አልተከተሉም" ተብሎ ተጻፈ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ሳነጋግራቸው ድምፄን ለዩና እጄን ያዙ። "ሲስተር፣ አፉ በይኝ። የሰጠሽኝን ነገር አልተጠቀምኩበትም። ጎረቤት እግሬን እይልኝ ማለት አፈርኩ" አሉኝ። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔን። ያኔ እንኳ መሬት ላይ መውደቅ አልነበረብኝም? ዓይንዎን አውቅ ነበር ማለት አልነበረብኝም? እኔ ግን እጃቸውን መታ መታ አድርጌ "ግድ የለም አዴር፣ አፉ ብያለሁ" አልኳቸው።

አፉ ብያለሁ! ይህ ቃል ከአፌ መውጣቱን ዛሬም ማመን ያቅተኛል።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልልም፤ ለሌላው ሁሉ ጊዜ ነበረኝ። ይቅርታም አልለምናችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ካርዱ ላይ የጻፍኩት እስካሁን እንዳለ ነው። አዴር ጉሌም አሁን በየሁለት ሳምንቱ በክራንች ይመጣሉ። የቀረችውን አንድ እግራቸውን ይዘረጉና "ሲስተር፣ እዪልኝ" ይሉኛል።