ቤቱ የማያፈስበት አባት

ልጁን ለክትትል ምርመራ ያመጣት አባት ክራባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ፣ ጫማውን በሱሪው እግር እየወለወለ ጤና ጣቢያው ገባ። ነርሷ ሕፃኗን ሚዛን ላይ ስታስተኛት፣ እሱ ሆዬ ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ እንጂ!»

«ይቅርታ ሲስተር፣ እኔም እኮ ቤተሰብ ነኝ።»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ስለ ኑሮው መጠየቅ ጀመረች፤ የቸገረው ቤተሰብ ዛሬውኑ ዱቄትና ዘይት ይዞ ይሄዳል።

«ቤታችሁ ያፈሳል?»

«ኧረ በጭራሽ! ሲዘንብ ብቻ ነው።»

«ምግብስ ያጥራችኋል?»

«ምን በወጣን! እናቷ ሁልጊዜ ጠገብኩ እንዳለች ነው።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ዱቄቱን ልስጥዎት።»

«ለተቸገረ ይስጡት እንጂ!» ብሎ ተቆጣና ልጁን ታቅፎ ወጣ።

ወዲያው በሩ ከፈት አለና ክራባቱ ቀድሞ ብቅ አለ።

«የተቸገረ ሰው ከጠፋ ግን፣ ሲስተር፣ እዚሁ አግዳሚው ላይ ነኝ።»