ግራ እጅና ኮቫለንት ቦንድ

ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲሉኝ የክፍሌን ልጆች ሳምንቱን ሙሉ እጅ ማውጣት ሳለማምድ ሰነበትሁ። ስጠይቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ፤ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን፤ እኔም ከቀኞቹ እመርጣለሁ አልኋቸው። ባሕር ዳር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ያፈራሁት የማስተማር ዘዴ ይኸው ነው። የመሪ መምህርነት ደረጃዬ በዚያች አንዲት ክፍለ ጊዜ ላይ ተንጠልጥሏልና አላፈርሁበትም።

ሱፐርቫይዘሩ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ከጣና የሚነፍሰው ነፋስ ወረቀታቸውን እየገለበጠ ያስቸግራቸዋል። እኔም ትምህርቱን ጀመርሁ። የብረት አተሞች ዕድርተኞች ናቸው፤ የውጭ ኤሌክትሮናቸውን ለጋራ ያዋጣሉ፣ እሱም እንደ ዕድር ጎላ ከቤት ቤት ይዞራል፤ መዳብ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ለዚህ ነው። ኮቫለንት ቦንድ ግን የሁለት ጎረቤቶች ጉዳይ ነው፤ መካከላቸው የያዙትን ጥንድ ኤሌክትሮን ለሌላ አያውሱም። ስለዚህ በኮቫለንት የተሳሰረ ነገር በፍጹም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም አልሁ። «በፍጹም»ን ምን አስጨመረኝ?

በባትሪ ድንጋይና በትንሽ አምፖል አሳየሁ። በመዳብ ሽቦ በራ፣ በኮቫለንት በተሳሰረው በስኳር አልበራም። ሱፐርቫይዘሩ ጻፉ። እኔም በልቤ ደረጃዬን ተቀበልሁ።

ካርቦን ከካርቦን ጋር በምን ይተሳሰራል ብዬ ስጠይቅ ስልሳ እጅ ወጣ። ቀኟን ያወጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ መረጥሁ። በኮቫለንት ብላ መለሰች። መቀመጥ ሲገባት ወደ ፊት መጣችና ሁለቱም ጫፉ የተቀረጸ እርሳሷን ከሽቦዎቹ መካከል አስገባች። የእርሳስ ጥቁሩ እምብርት ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ደግሞ ካርቦን። አምፖሉ በራ፤ ደብዘዝ ብሎ፣ ግን እስከ ኋላ ዴስክ የሚታይ።

ግራፋይት ውስጥ እያንዳንዱ ካርቦን ሦስት ኤሌክትሮን ከጎረቤቶቹ ጋር ተጋርቶ አራተኛውን ለዕድሩ እንደሚያዋጣ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን የማውቀው አምፖሉ ሊበራ እንደማይገባው ብቻ ነበር። ስለ አምፖሉ ጥራት ጥቂት ተናገርሁ። ስለ ባትሪውም። ልጅቷ በትሕትና አዳምጣ ስታበቃ፦

«ቲቸር፣ ለምን እንደበራ እኔም አላወቅሁም። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን እጅዎን ያወጣሉ?» አለችኝ።

ስልሳው ልጅ ገብቶታል፤ ያልገባቸው ሱፐርቫይዘሩ ብቻ ናቸው። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ጠመኔውን አስቀመጥሁና ግራ እጄን አወጣሁ።

ሱፐርቫይዘሩ የምናገረው ነገር ያለኝ መስሏቸው፣ «እሺ መምህር፣ ይቀጥሉ» አሉኝ።

«አላውቅም» አልሁ።